ሦስት እሑድ፣ ሦስት ሞተር፦ በኮልፌ ቀራንዮ ዳገትና ጠጠር ላይ

ሞተር ሞክሮ መግዛት ለሚፈልግ ሰው ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች መካከል ኮልፌ ቀራንዮን የሚያህል መፈተኛ ያለ አይመስለኝም። ከአየር ጤና ተነስቶ በጦር ኃይሎች፣ በ18 ማዞሪያና በዊንጌት አድርጎ ወደ አምቦ መንገድ የሚወጣ ሰው ግማሽ ቀን ሳይሞላ ሁሉንም ዓይነት መንገድ ይረግጣል። ሰፊ ቀለበት መንገድ አለ። የገበያ ግርግር አለ። ኮብልስቶን አለ። ዝናብ ሲነካው ሳሙና የሚሆን ጭቃ አለ። ዳገቱና ቁልቁለቱ እንደ ልብ ነው። ከከተማው ወጣ ሲሉ ደግሞ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የወጨጫ ተራራ ፊት ለፊት ተገትሮ ይታያል፤ ጠጠሩና አቧራው የሚጀምረውም በእሱ ግርጌ ነው።

በዚህ ክፍለ ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። ሥራዬ ከብት ማዳቀል ነው። በቡራዩ፣ በመናገሻና በሆለታ አካባቢ የወተት ላም ያላቸው ቤተሰቦች ይደውሉልኛል፤ እኔም ፈሳሽ ናይትሮጅን የያዘውን ዕቃዬን ከኋላ አስሬ እሄዳለሁ። በዕቃው ውስጥ ያለው የኮርማ ዘር የሚቀመጠው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ላይ ነው። ሞተሩ ወድቆ ዕቃው ከተደፋ፣ የብዙ ቤት ተስፋ ተነነ ማለት ነው።

ላም ደግሞ ቀጠሮ አታከብርም። ጠዋት ኮርማ የፈለገች ላም ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የፈለገች በማግሥቱ ጠዋት መዳቀል አለባት። ያ ሰዓት ካለፈ የሚቀጥለው ዕድል ከ21 ቀን ገደማ በኋላ ነው የሚመጣው። ሦስት ሳምንት ለሰሚው ጥቂት ሊመስል ይችላል። በሁለት ላም ወተት ልጆቿን ለምታስተምር እናት ግን ሦስት ሳምንት የዘገየ እርግዝና፣ ሦስት ሳምንት የዘገየ ወተት ነው። ስለዚህ ሞተር ለእኔ የመዝናኛ ዕቃ ሆኖ አያውቅም።

ዘንድሮ 57 ዓመቴ ነው። ለረጅም ዘመን ያገለገለችኝ ባለ 125 ሲሲ ሞተር ጡረታ ጠየቀች። ፒስተኗ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ካቴናዋ በየወሩ ይላላል፤ የኋላ ቸርኬዋ ተጣሞ ተቃንቶ ደክሞታል። የምገዛው ቀጣዩ ሞተር ምናልባት የመጨረሻዬ ይሆናል። ይህን ስል ቤት ውስጥ ሽንጎ ተቀመጠ። ነርስ የሆነችው ልጄ፣ «አባዬ፣ ሞተር የሚሉትን ነገር ለምን እስከነአካቴው አትተወውም?» አለች። በሥራዋ ያየችውን ስለምታውቅ አልፈርድባትም። ባለቤቴ ግን ሌላ ሐሳብ አመጣች። «የሚገዛ ከሆነ እኔም ከኋላ ተቀምጬ ልሞክረው። ሦስቱን ሞክረን አንዱንም ካልወደድኩት ያኔ እንነጋገራለን» አለች። በዚሁ ተስማማን።

አያቴ በቅሎ ሲገዛ አይቻለሁ። ገበያ ወርዶ ዕለቱን ገንዘብ አይቆጥርም ነበር። መጀመሪያ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል፤ ዕድሜዋ እዚያ ነው የተጻፈው። ከዚያ ጀርባዋን ይዳስሳል፤ ገጣባ ከሆነች የቀድሞ ጌታዋ እንዴት እንደያዛት ያውቃል። ኮቴዋን ያነሳል። በመጨረሻ ኮርቻ አስጭኖ ይወጣባታል፤ ስግሪያዋን ዳገትም ቁልቁለትም ላይ ያያል። አንዳንዴም አያቴን ሴት አያቴን አስቀምጦ ያስኬዳት ነበር፤ በቅሎዋ ለቤተ ክርስቲያንም ለለቅሶም የሁለቱም ነበረችና። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይሉ የለ? ዛሬ ግን በደላላ ስልክ ላይ ፎቶ አይተን፣ ጋራዥ በር ላይ ሞተሩን ሁለት ጊዜ አስጮኸን የዓመታት ቁጠባችንን እናስረክባለን።

እኔ የፈለግሁት «አድቬንቸር» ከሚባሉት ወገን ነው። እነዚህ ሞተሮች ለአስፋልትም ለጠጠርም የተሠሩ ናቸው። ሆዳቸው ከመሬት ከፍ ያለ ነው። ሞላቸው ረጅም ስለሆነ ጉድጓዱን ይውጡታል። መሪያቸው ሰፊ ነው፤ ቀና ብሎ ያስቀምጣል፤ የጎን ሳጥንም ይሸከማሉ። ብዙዎች የዚህ ዓይነት ትልልቅ ሞተሮች አባት የሚሉት የጀርመኑ ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣውን አር 80 ጂ/ኤስን ነው። ስም ያወጣለትም የፓሪስ-ዳካር ውድድር ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ቅርብ የሆነ ታሪክ አለ። በዚያ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1981 ፓሪስ-ዳካርን ያሸነፈው ፈረንሳዊ ሁበር ኦሪዮል የተወለደው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ ግንቦት 30 ቀን 1944 ዓ.ም.። እ.ኤ.አ. በ1983 በሞተር ደግሞ፣ በ1992 በመኪና አሸንፎ ውድድሩን በሁለቱም ዘርፍ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1987 ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቹ ተሰብረው የዕለቱን ጉዞ እስከ መጨረሻው ነድቶ የገባ ሰው ነው። ይህን ለልጄ ስነግራት፣ «እሱ ዶክተሮች ይከተሉታል፤ አንተን ማን ይከተልሃል?» አለችኝ።

በውጭ አገር ትልልቅ ሻጮች የሙከራ ቀን ያዘጋጃሉ። ገዢው መንጃ ፈቃዱን አሳይቶ፣ ፈርሞ፣ የተለያዩ ሞተሮችን በተወሰነ መንገድ ላይ እየነዳ ያወዳድራል። እኛ ዘንድ ይህን ቀን ገዢው ራሱ ማዘጋጀት አለበት። እኔም ሦስት እሑዶች መረጥኩ። ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ ዓይነት መንገድ፣ አንድ ዓይነት ጭነት፣ አንድ ዓይነት ተሳፋሪ። ጭነቱ ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ ናይትሮጅኑን ለሙከራ አልሰጥም። ተሳፋሪዋ ባለቤቴ ናት። ከባለ ሞተሮቹ ጋር አስቀድመን በጽሑፍ ተስማማን። ቢጋጭ ወይም ቢሰበር ማን እንደሚከፍል፣ የሦስተኛ ወገን መድኑ ያላለፈበት መሆኑን፣ መታወቂያዬንም ማስያዣ ገንዘቡንም መቼ እንደምቀበል ሁሉም ወረቀት ላይ ሰፈረ።

የመጀመሪያው እሑድ ተራ የደረሰው በከተማው በብዛት ለሚታየው ባለ 150 ሲሲ ነው። እውነተኛ አድቬንቸር አይደለም፤ ነገር ግን መለዋወጫው በየሱቁ አለ፣ ነዳጅም አይጠጣም። ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቅዳሴ መልስ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተነሳን። ባለቤቴ ከቀሚሷ ሥር ሱሪ ለብሳ እንደ ወንድ ተቀመጠች። ወደ ጎን ተቀምጦ መሄድ እንደማይቻል ልጃችን ቀድማ አስጠንቅቃታለች።

አየር ጤና ስሙ ጤና ቢሆንም የአውቶቡሱ ጭስ አልማረንም። በዚያ ግርግር ውስጥ ግን ትንሹ ሞተር ጥሩ አገልጋይ ነው። ቀላል ነው፤ በሁለት ታክሲ መካከል እንደ መርፌ ይገባል። የባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ ያለበትን ጦር ኃይሎችን አልፈን በቀለበት መንገዱ ወደ 18 ማዞሪያ ስንወጣ ደህና ነበር። የሁለት ሰውና የጀሪካኑ ክብደት የታወቀን ከአስኮ በላይ ነው። ማርሹን ወደ ሁለት አወረድኩ፤ ቀጥሎም ወደ አንድ። ከኋላችን የመጣ የጭነት መኪና ክላክሱን ነፋብን።

ይህ የሞተሩ ጥፋት አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው የምንኖረው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ከሚስበው ኦክስጅን አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ወረቀቱ ላይ 20 የፈረስ ጉልበት የተባለ ሞተር እኛ ጋ ሲደርስ 16 ገደማ ነው የሚሆነው። አዲሱ በኮምፒውተር ነዳጅ የሚመጥን ሞተር ካርቡራተር ካለው የተሻለ ነዳጁን ከአየሩ ጋር ያመጣጥናል እንጂ የጎደለውን አየር ከየትም አያመጣም። ስለዚህ የሻጭ ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ መወሰን አይበቃም። ሞተሩን የምትጭኑበትን ጭነት ጭናችሁ፣ የምትወጡበትን ዳገት ውጡበት።

ገፈርሳ ግድብ ጋ ደርሰን ስንመለስ ባለቤቴ ወረደችና ጉልበቷን አሸች። «ይሄ ለሰፈር ነው። ሆለታ ድረስ ከሄድን በእግሬ እመለሳለሁ» አለች። የመጀመሪያው ፍርድ ተሰጠ።

በሁለተኛው እሑድ የመጣው ትልቁ ነው። ባለ 650 ሲሲ፣ ነዳጁን ሲሞላ 220 ኪሎ ገደማ፣ ግራና ቀኝ የአሉሚኒየም ሳጥን፣ ከፊት ረጅም የንፋስ መከላከያ። ባለቤትየው ከውጭ የተመለሰ ጨዋ ሰው ነው፤ ሊሸጠው የፈለገው ጊዜ ስለሌለው ነው። አብሮት የመጣው ደላላ ግን፣ «ፋዘር፣ ይቺ እኮ አውሬ ናት! ይቺን ይዞ የቆመ መንገድ የለም!» ይል ነበር። ሞተሩ ዝም ብሎ ሲታይም ልብ ይሰርቃል። ከወጣትነቴ ጀምሮ የምመኘው እንዲህ ያለውን ነው፤ ለምን እደብቃለሁ?

አስፋልቱ ላይ ምኞቴ ልክ መሆኑን አየሁ። አስኮንና ሳንሱሲን አልፈን የቡራዩን ዳገት ማርሽ ሳልቀንስ ወጣሁት። ከገፈርሳ ወዲያ መንገዱ ሲከፈት ንፋሱ ከደረቴ ላይ ተነሳ፤ ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንጎራጉራል። ባለቤቴም ትከሻዬን መጨበጧን ትታ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «ይሄስ እንደ አልጋ ነው» አለች። ሁለታችንም ዝም ብለን ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄድን። የባሕር ዛፉ ሽታ፣ በግራ በኩል ወጨጫ፣ በመንገዱ ዳር ወተት በጀሪካን ይዘው የሚጠብቁ ሰዎች። እንዲህ ያለ እሑድ ከኖርን ብዙ ጊዜ ሆኖናል።

ከዚያ ከአስፋልቱ ወጥቼ ወደ ወጨጫ ግርጌ ወደሚወስደው ጠጠር ገባሁ። ደንበኞቼ ያሉት እዚያ ነው። ያ ሁሉ ክብደት በላላ ጠጠር ላይ ሲሆን የራሱ ሐሳብ ያለው ይመስላል። መሪውን ወደ ቀኝ ስለው ትንሽ ቆይቶ ነው የሚሰማኝ። ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬን በጥንቃቄ ካልተነካ ጎማው ይንሸራተታል። እግሬን ለማሳረፍ ስሞክር የደረሰልኝ የጫማዬ ጫፍ ብቻ ነው። ይዤው ወጣሁ፤ ግን ከወጣሁ በኋላ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ ነበር።

የእውነቱ ፈተና ከሰፈራችን በላይ ባለች ሣር ሜዳ ላይ የቀረበው ነው። የጎን ብረት መከላከያ ስላለው ባለቤትየው ፈቀደልኝና ሞተሩን ለሁለት ቀስ አድርገን በጎኑ አስተኛነው። የወደቀ ሞተር በእጅ ተስቦ አይነሳም። ጀርባን ወደ መቀመጫው ሰጥቶ፣ አንድ እጅ መሪውን፣ ሌላው የመቀመጫውን ብረት ይዞ፣ በእግር ጉልበት ወደ ኋላ እየገፉ ነው የሚነሳው። ይህን ዘዴ ለብዙ ወጣት አስተምሬያለሁ። ተቀምጬ ገፋሁ። እስከ ጉልበቴ አነሳሁት፤ እዚያ ላይ ቆመ። ወገቤ «ይብቃህ» አለኝ። ሁለተኛ ሞከርኩ፤ ያው። በሦስተኛው ባለቤትየው ደገፈኝና ቆመ።

ደላላው ስልኩን መነካካት ጀመረ። ባለቤቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ቀረበችኝና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እዚህ ሰው አለ። ወጨጫ ሥር ሲወድቅ ማን ያነሳልሃል?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እ.ኤ.አ. በ2007 ኢዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቦርማን የተባሉት ተዋናዮች ከስኮትላንድ እስከ ኬፕታውን በቢኤምደብሊው አር 1200 ጂኤስ አድቬንቸር ሲጓዙ ኢትዮጵያን አቋርጠዋል፤ ጉዞው «ሎንግ ዌይ ዳውን» በሚል በቴሌቪዥን ታይቷል። ሞተሮቹ ነዳጅ ሞልተው ከ250 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ሰዎቹ ግን ሁለት ነበሩ፤ ከኋላቸውም በመኪና የሚከተል ቡድን ነበራቸው። እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ በጭቃ መንገድ ላም ልታመልጠኝ የምሮጥ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ማታ ቤት ውስጥ ስለ ሞተር አላወራንም። ለሠላሳ ዓመት የተመኙትን ነገር በአንድ ከሰዓት መተው ቀላል አይደለም። ባለቤቴ ይህን ስለምታውቅ ቡና አፈላች እንጂ አልመከረችኝም።

ሦስተኛው እሑድ ላይ ባለ 250 ሲሲ ደረሰ። አንድ ድርጅት በጨረታ ያስወገደው፣ ከዚያም አንድ ሰው ለጥቂት ዓመታት የነዳው ነው። ያገለገለ ስለሆነ ምርመራው ረዘም ይላል፤ መካኒክም ይዤ ሄድኩ። መካኒኩ ወጣት ነው፤ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ሞተሩን ንካው» አለኝ። ቀዝቃዛ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሻጭ ቀድሞ አሙቆ የሚጠብቃችሁ ከሆነ፣ ጠዋት በብርድ የመነሳት ችግር እንዳለበት ጠርጥሩ፤ እስኪቀዘቅዝ ሻይ ጠጡና ተመለሱ። ከዚያ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳከርን። ካንዴላውን ፈታ፤ ከማርሚታው የሚወጣውን ጭስ አየ፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። የፊት ሹካውን ተጭኖ ዘይት ማፍሰስ አለማፍሰሱን አረጋገጠ። ካቴናውን፣ ፍሪሲዮኑን፣ የጎማውን ጥርስ ተራ በተራ ተመለከተ።

ወረቀቱም እንደ ብረቱ መመርመር አለበት። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃድ የሌላቸው ሞተሮች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ መከልከሉ ይታወሳል። ስለዚህ ታርጋውና ቦሎው ብቻ ሳይሆን፣ እናንተ በምትፈልጉት ሥራ ላይ ለመንዳት የሚያስችለው ፈቃድ ምን እንደሆነ ከትራንስፖርት ቢሮ ሳትጠይቁ ቀብድ አትክፈሉ። በክልል ታርጋ ርካሽ የሆነ ሞተር ከተማ ውስጥ ግቢ ማድመቂያ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

መንገዱ ያው ነው። በዚህ ሞተር ግን መንገዱን አየሁት። ኮልፌ ላይ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስን ሠፈር ስናልፍ ለባለቤቴ የማንዴላን ነገር አነሳሁላት። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ ነው፤ የሥልጠናቸው የበላይ ኃላፊ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ከሥልጠናው አንዱ ዕቃ ተሸክሞ ረጅም መንገድ መጓዝ ነው። «ያኔ ሞተር ቢኖራቸው ይሄን ነበር የሚመርጡት» አለች ባለቤቴ፤ ወንበሩን ወድዳዋለች ማለት ነው።

ከአጠና ተራ አቅጣጫ የሚመጡ ጋሪዎችና ተሸካሚዎች መሐል በአንደኛ ማርሽ፣ እግሬን ሳላወርድ ቀስ ብዬ አለፍኩ። ዊንጌትን አልፈን ዳገቱ ሲመጣ እንደ ትልቁ አልበረረም፤ እንደ ትንሹም አልለመነም። ጠጠሩ ላይ ከመቀመጫዬ ተነስቼ በእግር መርገጫው ላይ ቆምኩ። የዚህ ዓይነት ሞተር ሲሞከር ይህን ማድረግ ግድ ነው። ቆማችሁ ስትነዱ መሪው እጃችሁ ድረስ ካልመጣና ወገባችሁ ከታጠፈ፣ ያ ሞተር ለቁመታችሁ አልተሠራም። ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ ፍጥነቱን እየያዘው ወረድኩ። ሜዳ ላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ በደንብ ፍሬን ያዝኩ፤ አንዱን ባዶውን፣ አንዱን ከነጭነቱ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። ፍሬኑን ከመንካታችሁ በፊት ለመደንገጥ የሚፈጀው አንድ ሰከንድ ብቻውን ያን ያህል መንገድ ይበላል።

ከዚያ አስተኛሁት። 140 ኪሎ ገደማ ነው። ጀርባዬን ሰጥቼ ገፋሁት፤ በመጀመሪያው ቆመ። ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ ሄልሜቷን አንስታ አጠለቀች።

ጉድለት አልነበረውም አልልም። መቀመጫው ለእኔ ትንሽ ከፍ ይላል። ገዝቼ የመጀመሪያው ሥራዬ ወንበር ሰፊ ጋ ወስጄ ስፖንጁን ሦስት ሳንቲ ሜትር ማስቀነስ ነበር። ለባለቤቴም የኋላው መያዣ ብረት በወፍራም ጨርቅ ተጠቀለለ። ለሁለት ሰው በረጅም አስፋልት ላይ እንደ ትልቁ አይመችም፤ ይህን አውቀን ነው የገዛነው።

በመሐል ጎረቤቴ የገዛውን የኤሌክትሪክ ሞተርም ነድቻለሁ። ጸጥ ይላል፤ ዘይት፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን የለውም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ የኤሌክትሪኩ ነገር በየቤቱ ወሬ ነው። ከቤቴል ተነስቶ ከተማ ውስጥ ውሎ ማታ ቤቱ ለሚገባ ወጣት ጥሩ ምርጫ ሊሆን ይችላል። የእኔ መንገድ ግን ሆለታ ደርሶ መልስ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገት አለው፤ ከአስፋልት ይወጣል፤ መብራት የሚጠፋበትም ቀን አለ። እናንተም የምትሞክሩ ከሆነ ባትሪውን ሞልታችሁ፣ ጭናችሁ፣ ዳገት አውጡና ስንት እንደቀረው ራሳችሁ አንብቡ።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ብዙዎቹ ሞተር የሚገዙ አይመስለኝም፤ «ግዙልኝ» የሚል ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ያላቸው ናቸው። «አይሆንም» ማለት ይቻላል፤ የነርሷ ልጄ መልስም ያ ነበር። ልጁ ግን በራሱ ገንዘብ፣ በጓደኛው ምክር፣ አንድ ማታ ገዝቶ ግቢ ውስጥ ሊያቆመው ይችላል። ከዚያ ይልቅ አብራችሁት ሂዱ። መካኒክ ይኑር። ልጁ ስለ ፍጥነት ሲጠይቅ እናንተ ስለ ፍሬን ጠይቁ። አስተኝቶ እንዲያነሳው አድርጉ። እናቱ ወይም አባቱ ከኋላ ተቀምጠው አንድ ዙር ይሂዱ፤ ወላጁን ጭኖ የሚሮጥ ልጅ ብዙ የለም፤ የሚሮጥ ከሆነ ደግሞ ያን ዕለት ማወቃችሁ ጥሩ ነው።

ሄልሜቱ በሞተሩ ዋጋ ውስጥ ይታሰብ። ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን የመረመረ አንድ ግምገማ ሄልሜት በሞተር አደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ በጭንቅላት ላይ የሚደርስን ጉዳት በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ የሚሠራው ግን ልኩ የሆነ፣ ማሰሪያው ከአገጭ ሥር የታሰረ ሄልሜት ሲሆን ነው። ራስን ወደ ግራና ቀኝ ሲያወዛውዙ ሄልሜቱ ብቻውን የሚዞር ከሆነ ሰፍቷል። የወደቀበትን አሮጌ ሄልሜት በርካሽ አትግዙ፤ ውስጡ የተሰበረ ከውጭ አይታይም። ልጄ ለእኔ ያስቀመጠችው ቅድመ ሁኔታ ሦስት ነው፦ አዲስ ሄልሜት ለሁለታችንም፣ ከመሸ በጠጠር መንገድ አለመንዳት፣ ደርሼ መደወል። ሁለተኛው ላሞቹ ሲፈቅዱ ብቻ ይከበራል፤ እሱንም በማታ ጥሪ ጊዜ የአካባቢውን ልጅ መንገድ ላይ እንዲጠብቀኝ በማድረግ አስማምተናል።

በእኛ ሰፈር መሞከር ለሚፈልግ፣ እሑድ ጠዋት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ቅዳሴ የሄደው አልተመለሰም፤ ገበያው አልሞቀም፤ የጭነት መኪናውም ጥቂት ነው። ከአየር ጤና ጀምሩ፣ ቀለበት መንገዱን ያዙ፣ ዊንጌት ላይ ወደ ግራ ታጠፉ፣ ገፈርሳ ላይ ወርዳችሁ ሻይ ጠጡ። እዚያ ስትደርሱ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ምን እንዳለ አድምጡ።

መልካም ሰንበት።